ለዓመታት ተዘግቶ የኖረን ኮምፒውተር ማስነሣት፦ ከግዢ እስከ ማስቀመጫ ዝርዝር መመሪያ

ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላው ኮምፒውተር እጁ የገባለት ሰው ቀድሞ የሚያምረው ሶኬት ላይ ሰክቶ ማብራት ነው። ባትሪው ውስጡ ምን እንዳፈሰሰበት፣ ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ስንት ቮልት እንደሚሰጥ፣ የትኛው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ አካል) እንደተሰነጠቀ ሳይታወቅ የምትጫን ያቺ አንዲት ማብሪያ፣ በመጋዘን ያሳለፋቸው ዓመታት ያላደረሱበትን ጉዳት በጥቂት ሴኮንዶች ልታደርስበት ትችላለች። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ማብሪያው የሚነካው ዘግይቶ ነው፤ ከእርሱ በፊት ያሉት እርምጃዎች አሰልቺ ቢመስሉም ቅደም ተከተላቸው እንዲጠበቅ አጥብቄ እመክራለሁ። መመሪያው የሚያተኩረው ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በተሠሩ የቤትና የግል ኮምፒውተሮች ላይ ሲሆን፣ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የመጀመሪያውን ማሽን መምረጥ

ጀማሪ ሰብሳቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በልጅነቱ ያየውን ወይም መልኩን የወደደውን ማሽን ነው፤ ይህ ክፋት የለውም። ዓላማው ጥገናን መማር ከሆነ ግን ከመልኩ ይልቅ ውስጡ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ይሻላል። በ1977 የወጣው አፕል 2 እና ተከታዩ አፕል 2 ፕላስ፣ ቋሚ ፕሮግራም ከሚይዙት የሮም ቺፖቻቸው በቀር፣ የተሠሩት ለማንም ይሸጡ ከነበሩ መደበኛ ቺፖች ነው፤ ቺፖቹም በሶኬት ላይ የተቀመጡ በመሆናቸው ያለ ብየዳ ተነቅለው ሊለወጡ ይችላሉ። በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 በአንጻሩ ድምፁንና ምስሉን የሚያገኘው ሲድ እና ቪክ 2 ከተባሉ፣ ለእርሱና ለቅርብ ዘመዶቹ ብቻ ከተነደፉ ቺፖች ነው። እነዚህ ቺፖች ዛሬ በፋብሪካ ስለማይመረቱ፣ አንዱ ሲሞት ምትኩ የሚገኘው ከሌላ የሞተ ማሽን ወይም በዘመናችን ከተሠሩ ተተኪ ቦርዶች ነው። እንዲያም ሆኖ ኮሞዶር 64 በብዛት የተሸጠ፣ የሰርኪዩት ንድፉ በቀላሉ የሚገኝ፣ ሕመሞቹ ሁሉ በደንብ የተጠኑ ማሽን ስለሆነ ለጀማሪ መጥፎ ምርጫ አይደለም።

በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ እና እርሱን ተከትለው የመጡት ማሽኖች ሌላ ጥቅም አላቸው፦ ምስሉ፣ ዲስኩና ሌላው ሥራ በተለያዩ ካርዶች ላይ የተከፋፈለ በመሆኑ፣ አንዱን ነቅሎ ሌላውን በመሰካት ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት ይቻላል። የትኛውንም ቢመርጡ አንድ ጥያቄ ከግዢ በፊት መልስ ይፈልጋል፤ የማሽኑ የሰርኪዩት ንድፍ ይገኛል ወይ? ንድፍ የሌለውን ማሽን መጠገን ካርታ ሳይዙ ጨለማ ውስጥ እንደ መጓዝ ነው፤ ለመጀመሪያ ልምምድ አይመከርም።

2. ከመግዛት በፊት መመርመር

ሻጮች “አልተሞከረም” የሚሉትን ቃል በጥርጣሬ ማየት ይገባል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን “ሞክሬው አልሠራም” ማለት ነው። “አይሠራም” ብሎ በግልጽ የሚናገር ሻጭ ከዚህ የተሻለ ነው፤ ዋጋውም ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል።

ከውጭ ሲያዩት የጎደሉ የኪቦርድ ቁልፎችን፣ የተሰበሩ የፕላስቲክ መያዣዎችንና የብሎኖቹን ሁኔታ ይመልከቱ። የተፋቀ የብሎን ራስ ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ሊጠግነው እንደሞከረ ይናገራል፤ ሌላ ሰው የጀመረውን ብየዳ መጨረስ ደግሞ ከዜሮ ከመጀመር ይከብዳል። የሚቻል ከሆነ ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ የውስጡን ፎቶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። በፎቶው ላይ ዓይንዎ መፈለግ ያለበት አረንጓዴና ሰማያዊ ዝገት፣ በባትሪው ዙሪያ የጠቆረ ቦርድ፣ ባዶ የቺፕ ሶኬት ነው። አቧራ አያስፈራም። ወፍራም አቧራ የለበሰና ማንም ያልነካው ቦርድ፣ አምሮ ከታጠበና ታሪኩ ከማይታወቅ ቦርድ ይልቅ ደስ ያሰኘኛል።

በመጨረሻም ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። አንዳንዱ ማሽን የተሠራው ለ110 ወይም ለ120 ቮልት ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ከጀርባው የቮልት መምረጫ ቁልፍ አለው፤ ለ115 የተስተካከለን ማሽን 230 ቮልት ላይ መሰካት የሚያስከትለው ነገር ግልጽ ነው።

3. መሣሪያዎች

ብዙ አያስፈልግም፤ ያለው ግን ጥሩ መሆን አለበት። ልኩን የጠበቀ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ትንሽ መቁረጫ፣ ሙቀቱ የሚስተካከል የብየዳ ካውያ፣ ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበት የብየዳ ሊድ፣ ፍላክስ (ሊዱ እንዲጣበቅ የሚረዳ ቅባት)፣ ሊድ መምጠጫ ፓምፕና የመዳብ ጥልፍ፣ ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥጥ ዘንግ። ከሁሉም በላይ አስተማማኝ መልቲሜትር። ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ቢኖር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ብዙ ማሽኖች ያለ እርሱ፣ በመልቲሜትርና ርካሽ በሆነ የሎጂክ መፈተሻ ብቻ ተነሥተዋል።

ካውያ ይዞ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያ ልምምዱን በሚወደው ማሽን ላይ ማድረግ የለበትም። ከተጣለ ሬዲዮ ወይም ማጫወቻ የወጣ ቦርድ ላይ ሃምሳ ያህል ካፓሲተርና ቺፕ ነቅሎ መልሶ ሲበይድ እጁ ይፈታል።

4. መክፈትና መመዝገብ

ማሽኑን ከሶኬት የተነቀለ መሆኑን አረጋግጠው ይክፈቱ። እያንዳንዱን ንብርብር ከማንሣትዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ ኬብል ከመንቀልዎ በፊት የቀለም መስመሩ ወደየት እንደሚያይ፣ ቺፕ ከማውጣትዎ በፊት በጫፉ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ምልክት በየትኛው በኩል እንዳለች ይመዝግቡ። ቺፕን ገልብጦ ሰክቶ ማብራት ቺፑን ለመግደል ከሁሉ አጭሩ መንገድ ነው። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል በተለያዩ ትንንሽ ዕቃዎች ውስጥ ያስቀምጡ፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ማስገባት ፕላስቲኩን ይበሳል።

አንድ ቃል ስለ አደጋ። ስክሪኑ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ አካል በሆነባቸው ማሽኖች፣ ለምሳሌ በ1984 በወጣው ማኪንቶሽና በወንድሞቹ ውስጥ፣ የስክሪኑ ቱቦ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮችም 230 ቮልት በሚሠራበት አገር ከ300 ቮልት በላይ ያጠራቅማሉ። ይህን ኃይል በደኅና ማስወገድን ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ሆነው እስኪማሩ ድረስ ባለ ቱቦ ማሽኖችንና የፓወር ሰፕላይን ሆድ አይክፈቱ። እዚህ ላይ ድፍረት አያስፈልግም።

5. ባትሪውን ማውጣት

ከሁሉም እርምጃዎች አንዱን ብቻ ያድርጉ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብዙ ማዘርቦርዶች ሰዓታቸውንና ቅንብራቸውን የሚያስታውሱት በቦርዱ ላይ በተበየደ በርሜል መሰል የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው። አሚጋ 2000 እና አሚጋ 500 ፕላስ፣ እንዲሁም እጅግ ብዙ የ286፣ የ386ና የ486 ፕሮሰሰር ያላቸው የፒሲ ቦርዶች ይህን ባትሪ ይዘዋል። ባትሪው ሲያረጅ የሚያፈሰው ፈሳሽ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ አልካሊ ሲሆን፣ የመዳብ መስመሮቹን እየበላ ከቦርዱ ሽፋን ሥር ይጓዛል። ከላይ ሲታይ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ የሚመስለው ጉዳት ከሥሩ የእጅ መዳፍ ያህል ሰፍቶ ሊገኝ ይችላል። ማሽኑ ዛሬ በደንብ ቢሠራም ባትሪው ነገ ያፈሳል፤ ስለዚህ “ገና አላፈሰሰም” ተብሎ የሚተው ባትሪ የለም።

አሠራሩ ይህ ነው። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። የባትሪውን እግሮች በመቁረጫ ቆርጠው ባትሪውን ያውጡ፤ እግሮቹን በካውያ ማውጣት በኋላ ሊደረግ ይችላል፤ በአልካሊ የተበላ ሊድ ሳይጸዳ በቀላሉ አይቀልጥምና። ከዚያ የተጎዳውን ቦታ ነጭ አቼቶ በነከረ የጥጥ ዘንግ ያሹት፤ አቼቶ አሲድ በመሆኑ አልካሊውን ያከሽፋል፤ በሚሠራበት ጊዜም አረፋ ሊያወጣ ይችላል። አቼቶውን በቦርዱ ላይ እንዲደርቅ አይተዉት፤ ጊዜ ሳይሰጡ በንጹሕ፣ ቢቻል በተጣራ ውኃ ያጥቡት፤ ቀጥሎ ውኃውን እንዲያወጣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉትና ሙሉ ቀን ይድረቅ። በአካባቢው ያሉ የቺፕ ሶኬቶች ውስጣቸው አረንጓዴ ከሆነ ማጽዳት አያድናቸውም፤ መለወጥ አለባቸው።

ከደረቀ በኋላ መልቲሜትሩን በድምፅ በሚፈትሸው ቦታ ላይ አድርገው፣ በተጎዳው አካባቢ የሚያልፈውን እያንዳንዱን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩ። ይህ ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ታትሞ የወጣ ንድፍ ላይ የተለካውን መስመር በባለ ቀለም እርሳስ እያቀለሙ መሄድ ግን የትም እንዳይዘለል ያደርጋል። የተቋረጠውን መስመር በቀጭን ሽፋን ባለው ሽቦ ያገናኙ።

በባትሪው ምትክ ሲአር2032 የተባለችውን የሳንቲም ባትሪ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን እርሷ ኃይል የምትሞላ አይደለችም፤ የድሮው ባትሪ ግን ማሽኑ በበራ ቁጥር ይሞላ ነበር። ስለዚህ የሚሞላውን ኃይል የሚከለክል ዳዮድ በመስመሩ ላይ መግባት አለበት፤ አለዚያ የሳንቲም ባትሪዋ ልትፈነዳ ትችላለች። በድሮዎቹ ማኪንቶሾች ውስጥ ያለው ባለ 3.6 ቮልት የሊቲየም ባትሪም ሲፈነዳ ቦርዱንና የብረት ማቀፊያውን አብሮ ያበላሻል፤ እርሱንም ያውጡ።

6. ካፓሲተሮች፦ ሁሉም አይለወጡም

በዚህ ጉዳይ ላይ ሰብሳቢዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ማሽን እንደተገዛ ሁሉንም ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ይለውጣል፤ ሁለተኛው የሚሠራን ነገር አይነካም። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን ሦስት ዓይነት ካፓሲተሮችን ለይቼ አወጣለሁ።

የመጀመሪያው በፓወር ሰፕላይ መግቢያ ላይ ያለው፣ ሪፋ በሚለው ስም የሚታወቀው የወረቀት ካፓሲተር ነው። የሚታየው በቢጫማ ብርጭቆ መሰል ሽፋኑ ነው፤ ሽፋኑ ከዘመን ብዛት ይሰነጠቅና ወረቀቱ እርጥበት ይስባል፤ ከተሰካ በኋላም በደቂቃዎች ውስጥ ቤቱን በሚከረፋ ጭስ ይሞላዋል። በ1981 የወጣው ቢቢሲ ማይክሮ በዚህ በሽታ የታወቀ ነው። በክፍል 4 የተባለው ጥንቃቄ ተጠብቆ፣ ስንጥቅ ቢታይም ባይታይም ይለወጥ፤ ምትኩ ለዋናው የኤሌክትሪክ መስመር የተፈቀደ፣ በላዩ ላይ ኤክስ2 የሚል ምልክት ያለው መሆን አለበት።

ሁለተኛው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቦርድ ገጽ ላይ የተበየዱት ትንንሽ የቆርቆሮ ጣሳ መሰል ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ናቸው። በ1989ኙ ማኪንቶሽ ኤስኢ/30፣ በአሚጋ 600፣ በ1200ና በ4000 ላይ የሚገኙት እነዚህ ናቸው። ፈሳሻቸው ከሥር ይወጣል፤ ካውያ ሲነካቸው የዓሣ ዓይነት ሽታ ከሸተተ ማፍሰስ ጀምረዋል ማለት ነው። እነዚህም ሳይጠበቅ ይለወጡ።

ሦስተኛው ታንታለም ነው፤ ትንሽ ጠብታ የሚመስለው። እርሱ ሲበላሽ ሾርት ይገባል (ሁለቱ እግሮቹ በውስጥ በቀጥታ ይገናኛሉ)፤ ከዚያ ወይ ፓወር ሰፕላዩ አልነሣም ይላል፣ ወይ ጠብታዋ እንደ ርችት ትፈነዳለች። በመጀመሪያዎቹ አይቢኤም ፒሲዎች የ12 ቮልት መስመር ላይ ያሉት ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ ከማብራት በፊት መልቲሜትሩን በኦም ላይ አድርገው በእያንዳንዱ የኃይል መስመርና በግራውንድ (በዜሮ ቮልት መስመሩ) መካከል ይለኩ፤ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ካዩ ሾርቱ ሳይገኝ ማሽኑ አይበራም።

ሲለውጡ የካፓሲተሩ መጠን ከቀድሞው ጋር እኩል፣ የቮልት አቅሙ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። የኤሌክትሮላይቲክና የታንታለም ካፓሲተሮች አወንታዊና አሉታዊ እግር አላቸው፤ በኤሌክትሮላይቲክ ላይ ምልክት የሚደረግበት አሉታዊው፣ በታንታለም ላይ ግን አወንታዊው ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ሰው አሳስቷል። አሮጌ ብየዳን ለማቅለጥ ካውያውን 350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አድርገው በመጀመሪያ ጥቂት አዲስ ሊድ ይጨምሩበት፤ አዲሱ አሮጌውን ይዞት ይቀልጣል። አልወጣ ያለን እግር በጉልበት መጎተት መዳቡን ከቦርዱ ይልጠዋል።

7. ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው መለካት

አሁንም ማሽኑ አልበራም። ፓወር ሰፕላዩ ከቦርዱ ተለይቶ ይለካል። አብዛኞቹ የዘመኑ ቺፖች የሚሠሩት በ5 ቮልት ሲሆን የሚፈቀደው ልዩነት 5 በመቶ ነው፤ ማለትም ከ4.75 እስከ 5.25። ከዚህ በታች ከሆነ ማሽኑ ይንገዳገዳል እንጂ አይሞትም፤ ከዚህ በላይ ከሆነ ግን ቺፖች ይቃጠላሉ። የኮሞዶር 64 ኦሪጅናል ፓወር ሰፕላይ በዚህ ረገድ መጥፎ ስም አለው፦ ውስጡ በጠንካራ ሙጫ የተሞላ በመሆኑ በቀላሉ አይጠገንም፤ የ5 ቮልት መቆጣጠሪያው ሲበላሽም ቮልቱ ወደ ላይ ይወጣና የማሽኑን ሜሞሪ ይገድላል። ዛሬ ልኩን ጠብቆ ቢገኝ እንኳ ነገ ስለማይታመን፣ በአዲስ መተካት ከቺፖቹ ዋጋ አንጻር ርካሽ ነው። ዜድኤክስ ስፔክትረም ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው፦ የኃይል መሰኪያው መሃል አሉታዊ ነው፤ ብዙዎቹ የዛሬ አዳፕተሮች ግን መሃላቸው አወንታዊ ስለሆነ ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ የተሰካ አዳፕተር ማሽኑን ያበላሸዋል።

በአይቢኤም ፒሲና በመሰሎቹ ውስጥ ያሉት ፓወር ሰፕላዮች ምንም ሳይሸከሙ ላይነሡ ወይም የተሳሳተ ቮልት ሊያሳዩ ይችላሉ። ስለዚህ በ5 ቮልት መስመሩ ላይ 4.7 ኦም የሆነ ባለ 10 ዋት ሬዚስተር ያገናኙ፤ ይህ አንድ አምፒር ገደማ ይስባል፤ ሬዚስተሩ ስለሚግል በእጅ አይነካ፣ በፕላስቲክ ላይም አይቀመጥ። ልኬቱ ትክክል ከሆነ በኋላ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱትን ፒ8 እና ፒ9 የተባሉትን ሁለት መሰኪያዎች ሲመልሱ፣ ጥቁር ሽቦዎቻቸው መሃል ላይ ጎን ለጎን መገናኘት አለባቸው። ተቀያይረው ከተሰኩ ቦርዱ አይተርፍም።

8. የመጀመሪያው ማብራት

ለመነሣት የማያስፈልገውን ሁሉ ይንቀሉ፤ ዲስክ፣ ፕሪንተር፣ ተጨማሪ ሜሞሪ፣ የድምፅ ካርድ። ክዳኑ ክፍት ይሁን። አንድ እጅ ማብሪያው ላይ ሆኖ ያብሩትና ለአሥር ሴኮንድ ያህል ይመልከቱ፣ ያዳምጡ፣ ያሽትቱ። ጭስ፣ የጩኸት ድምፅ ወይም የሚቃጠል ሽታ ካለ ወዲያው ያጥፉ። ምንም ካልታየ አጥፍተው በዝቅተኛ ቮልት የሚሠሩትን ቺፖች በጣት ጀርባ ይንኩ። ሞቅ ማለት የተለመደ ነው፤ ጣት የማያስቆይ ግለት ያለው የሜሞሪ ቺፕ ግን ራሱን አጋልጧል።

9. ባዶ ስክሪን ሲመጣ

አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ይኸው ነው። በዚህ ጊዜ በግምት ቺፕ መለዋወጥ አይጀምሩ። በሶኬት ላይ ያሉትን ቺፖች አንድ በአንድ በጥንቃቄ ከፍ አድርገው መልሰው ይጫኑ፤ እግሮቻቸው ጠቁረው ከሆነ በአልኮል ያጽዱ። ይህ ቀላል ሥራ ብቻውን ያስነሣቸው ማሽኖች ቁጥር ያስገርማል። ካልሆነ ወደ ፕሮሰሰሩ ይሂዱና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ 5 ቮልት በራሱ በቺፑ እግር ላይ ይደርሳል? ሰዓቱ፣ ማለትም ክሎኩ፣ ይመታል? ፕሮሰሰሩን ከመነሻው የሚያስጀምረው ሪሴት የተባለው መስመር ሲበራ ለአፍታ ቆይቶ ይለቃል? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ፕሮሰሰሩ ንጹሕ ነው፤ ፍለጋው ወደዚያ የጎደለው ምንጭ ይሄዳል። ሦስቱም ካሉና ፕሮሰሰሩ ሜሞሪን የሚጠራባቸው የአድራሻ መስመሮች ጸጥ ካሉ ፕሮሰሰሩን መጠርጠር ይቻላል።

ቀጥሎ የሚጠረጠረው ሜሞሪ ነው። በመጀመሪያዎቹ ኮሞዶር 64 ቦርዶች ላይ 4164 የተባሉ ስምንት ቺፖች አሉ፤ እያንዳንዱ ከአንድ ባይት ስምንት ቢቶች አንዱን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ አንዱ ቢሞት የሜሞሪው ስምንተኛ ክፍል ሳይሆን እያንዳንዱ ባይት ነው የሚበላሸው፤ ማሽኑም አንዲት ፊደል እንኳ ሳያሳይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ማሽን የሙት ፍተሻ ተብሎ የሚጠራ ካርትሪጅ አለ፤ ሜሞሪው ባይሠራም ስክሪኑን እያብለጨለጨ ይሠራል፤ የብልጭታው ብዛትም የትኛው ቺፕ እንደተበላሸ ይጠቁማል። ሜሞሪው ደኅና ከሆነ፣ በዚህ ማሽን ቀጥሎ የሚጠየቀው የትኛው ቺፕ መቼ እንደሚሠራ የሚመርጠው ፒኤልኤ የተባለው ቺፕ ነው፤ እጅግ ስለሚግል ዕድሜው አጭር ነው።

የተበየደ ቺፕ መሞቱ ከተረጋገጠ እርሱን ለማዳን ሲሉ ቦርዱን አይጉዱ። እግሮቹን በመቁረጫ ቆርጠው አካሉን ያንሡ፤ የቀሩትን እግሮች አንድ በአንድ በካውያና በወረንጦ ያውጡ። በቦታው ቺፕ ሳይሆን ሶኬት ይበይዱ፤ ቀጣዩ ጠጋኝ፣ ምናልባትም ራስዎ፣ ያመሰግኑዎታል።

10. ምስል

የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተሮች የምስል መስመሮቻቸውን የሚልኩት በሴኮንድ 15,700 ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው፤ ለኋለኞቹ ፒሲዎች የተሠራው የቪጂኤ ሞኒተር ደግሞ የሚጠብቀው እጥፉን፣ 31,500 ገደማ ነው። መሰኪያው ስለገጠመ ምስል ይመጣል ብሎ መጠበቅ ስለዚህ ስሕተት ነው፤ በመሃል መቀየሪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። ማሽኑ ሞቷል ከማለትዎ በፊት በሌላ ስክሪንና በሌላ ኬብል ይሞክሩት።

11. ዲስኮች፦ መጀመሪያ መቅዳት

አብሮ የመጣ ፍሎፒ ዲስክ ካለ፣ የሚነበበው ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብለው ያስቡ። ዲስኩን በብርሃን ሥር አዙረው ይመልከቱ፤ በገጹ ላይ ደብዛዛ ክብ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ በድራይቭ ውስጥ ከገባ የማንበቢያውን ራስ ያቆሽሻል፤ የቆሸሸው ራስ ደግሞ ቀጣዩን ዲስክ ይፍቃል። ስለዚህ በዲስክና በዲስክ መካከል ራሱን በአልኮል ይጥረጉ። እንዳይጻፍበትም ይከልክሉ፤ እዚህ ላይ ሁለቱ ዓይነቶች ተቃራኒ ናቸው፦ የ3.5 ኢንቹ ቀዳዳው ክፍት ሲሆን ይከለከላል፤ የ5.25 ኢንቹ ግን በጎኑ ላይ የተቆረጠችው ትንሽ ክፍተት ስትሸፈን ነው የሚከለከለው።

ለመቅዳት ግሪዝዊዝልን የመሰለ ትንሽ ቦርድ ከአሮጌ ድራይቭ ጋር አገናኝቶ በዘመናዊ ኮምፒውተር መጠቀም ይሻላል፤ ይህ መሣሪያ ፋይሎቹን ሳይሆን በዲስኩ ላይ ያለውን የማግኔት ለውጥ ራሱን ስለሚመዘግብ፣ የየትኛውም ማሽን ዲስክ ቢሆን አጠቃላይ ይዘቱ ይቀራል፤ ትርጉሙ በኋላ ሊሠራ ይችላል። ለዕለት ተዕለት አጠቃቀም ጎቴክ የተባለው ፍላሽ የሚቀበል የድራይቭ ምትክ፣ ለሃርድ ዲስክ ደግሞ የኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ከአይዲኢ (የድሮ ሃርድ ዲስክ መሰኪያ) መቀየሪያ ጋር ይበቃል። ኦሪጅናሉን ድራይቭ ግን አይጣሉት፤ ከማሽኑ ጋር ይቀመጥ።

በቺንጋ የሚሽከረከሩ ድራይቮችና የካሴት ማጫወቻዎች ሌላ ጣጣ አላቸው፤ ላስቲኩ ከዘመን ብዛት ወደ ጥቁር ዝፍት ይለወጣል። ዝፍቱን በአልኮል ሙሉ በሙሉ ሳያጸዱ አዲስ ቺንጋ አይግጠሙ።

12. ፕላስቲኩ

ቁልፎቹን ነቅለው፣ አቀማመጣቸውን ፎቶ አንሥተው፣ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ይጠቡ። ቢጫ የሆነውን ሽፋን ነጭ ለማድረግ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ቀብቶ በፀሐይ ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ማቆየት ከ2008 ወዲህ የተስፋፋ ዘዴ ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን እኩል ካልተቀባ ዥጉርጉር ያደርጋል፤ ቢጫውም ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ፈሳሹ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ያለ ጓንትና መነጽር አይነካም። እኔ እኩል ቢጫ የሆነን ማሽን እንዳለ እተወዋለሁ።

13. ትንንሽ መሣሪያዎች

ከ1989 ጀምሮ የተሸጠው ጌም ቦይና መሰሎቹ ለእጅ መፍቻ ጥሩ ናቸው። በባትሪ ቤቱ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት መሰል ዝገት በአቼቶ ይጸዳል። በስክሪኑ ላይ ቁመታዊ መስመሮች ከጠፉ ከስክሪኑ ግርጌ ያለው ጠፍጣፋ ኬብል ለቋል ማለት ነው፤ ካውያውን ዝቅተኛ ሙቀት ላይ አድርገው በኬብሉ ላይ ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ ሲያንሸራትቱት መስመሮቹ ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ። በአንዳንድ የጨዋታ ካርትሪጆች ውስጥ የተቀመጠውን ጨዋታ የምታስታውሰው የሳንቲም ባትሪ ስትለወጥ የተቀመጠው እንደሚጠፋ አስቀድመው ይወቁ።

14. ማስቀመጥ

ሲጨርሱ ማሽኑን ደረቅ፣ ሙቀቱ የማይለዋወጥና ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። ሊወጡ የሚችሉ ባትሪዎች ሁሉ ይውጡ። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያሠሩት። በክዳኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ካርቶን ይለጥፉ፤ የተለወጠው ካፓሲተርና ቺፕ፣ በሽቦ የተገናኘው መስመር፣ የመጨረሻው የ5 ቮልት ልኬትና ቀኑ ይጻፍበት፤ በቀለም ሳይሆን በእርሳስ፣ ቀለም ከዓመታት በኋላ ይደበዝዛልና።